ዣንጥላውን የሚይዘው ባላንጣ ነው

«መላው የከተማችን ነዋሪ፣ የአደባባዩ ዣንጥላ እጀታ ቀድሞ ከነበረበት ወይራ ወደ ዋንዛ የተለወጠ መሆኑን እንዲያውቅ፣ አውቆም እንዳይደናገጥ፣ ደንግጦ የተገኘም ካለ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጥላ ሄዶ እንዲረጋጋ በታላቅ አክብሮት እናሳስባለን። አዲሱ እጀታ የማንንም ወገን አይወክልም።»

ይህን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመራት ምክር ቤቱ ነው። በማግስቱ የወይራ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ።

የከተማችንን ስም የማልጠቅሰው ፈርቼ አይደለም። ስም የሚመርጠው ኮሚቴ ገና «ከተማ» በሚለው ላይ ስላልተስማማ ነው።

ድሮ የሚገዛን ባለፊሽካው የሚባል ሰው ነበር። አንድ ሰው ሊናገር አፉን ሲከፍት ፊሽካውን ይነፋል፤ ሰውየውም አፉን ይዘጋል። የሚያዛጋም ሰው ስለሚነፋበት እንቅልፍ እንኳ የሚመጣብን በጥንቃቄ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ፊሽካው ውስጥ የምትንከባለለው ፍሬ ወድቃ ጠፋች። ነፋ፤ እፍ የሚል አየር ብቻ ወጣ። ደግሞ ነፋ። ሰው ሁሉ አየው። አፈረና ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። ነፃነታችን የመጣው እንዲህ ነው። በየዓመቱ ስናከብረው ግን ፍሬዋን አናነሳትም፤ ታግለን እንደጣልነው ነው የምንዘምረው።

በዚያ ሰሞን ሁሉም ባንዴ ተናገረ። የጎረቤቱን አውራ ዶሮ የሚከስ አለ፣ የፈጣሪን አሠራር የሚያርም አለ፣ አማቱን ከነስማቸው የሚያነሳ አለ። ስንናገር ስንናገር ድንጋይ ወደ መወራወር ደረስን። ሕጉ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። የፈለገ ሰው አደባባዩ መሀል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የፈለገውን ይናገራል። ፀሐያችን አናት የምትበሳ ስለሆነች ዣንጥላ ይያዝለታል። የሚይዝለት ግን ወዳጁ አይደለም፤ በሚናገረው ነገር የማይስማማ ሰው ነው። ያዡ አይናገርም፣ አያቋርጥም፣ ፊቱንም አያጨማድድም። የዚህ ጥቅሙ ሁለት ነው። ተናጋሪው የባላንጣው ክንድ እስኪዝል ብቻ ስለሚናገር ነገር አያስረዝምም። የባላንጣው ወገኖች ደግሞ የራሳቸው ሰው አጠገቡ ስለቆመ ድንጋይ አይወረውሩም። ቀላል ዘዴ ነው፤ የሠራውም ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል።

እኔ የጥላ ሹም ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የጥላ አስተዳደር ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌ «ጥላ ከየት ይመጣል?» የሚል ሲሆን፣ መልሱን ለቀጣይ አጥኚዎች ትቼዋለሁ። ሥራዬ ለየተናጋሪው ባላንጣ መመደብ ነው። አንድ ተጨማሪ ሥልጣንም አለኝ፦ ዝናብ ሲሆን በአደባባዩ ዙሪያ ያለው የቤት ቆርቆሮ ስለሚያስተጋባ ንግግር አይደረግም፤ ዝናብ መሆኑን የማውጀው እኔ ነኝ።

ከዣንጥላ ያዦቻችን ሁሉ የታወቁት አማቴ አባባ ባይለየኝ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪ ስለሆኑ ክንዳቸው ብርቱ ነው፤ በዚያ ላይ ከማንም ጋር አይስማሙም። ድልድዩ ይታደስ የሚል ሲወጣ ይይዛሉ፤ አይታደስ የሚል ሲመጣም ይይዛሉ። «የቱ ነው ታዲያ ልክ?» ሲባሉ፣ «ሁለቱም ሄደው አላዩትም» ይላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ትከሻ መናገር አለብኝ። እኛ ስንሳሳም በቀኝ ትከሻ እንጀምራለን። ከወንዙ ማዶ መጥተው የሰፈሩት በግራ ይጀምራሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ካለ እስካሁን አልተገኘም፤ የሚፈልጉ ግን አሉ። አባባ ባይለየኝ ከማዶ ናቸው። ልጃቸውን ትርንጎን የተዋወቅኳት ሰርግ ቤት ነው። እኔ በቀኝ ሄድኩ፣ እሷ በግራ መጣች፣ አፍንጫችን ተጋጨ። ነሰረኝ። በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችልኝ፣

«ይቅርታ፣ ግራ መሆኔን ልነግርህ ነበር» አለች።

«እኔም ቀኝ መሆኔን ረስቼው ነበር» አልኳት።

በዚያው ተጋባን። እስከ ዛሬ ስንሳሳም አንዳችን ትንሽ ቆም እንላለን። እንደ ትዳር ምክር የተሻለ አላገኘሁም።

አሁን አቶ ድንበሩ ይምጣ። ድንበሩ ገመድ ሻጭ ነው፤ ድምፁ ማር ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ የወጣ ቀን አባባ ባይለየኝን መደብኩለት።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ማንንም ልነካ አልመጣሁም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት ያለችኝ። ለምንድን ነው በግራ የሚጀምሩት? መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?»

ሕዝቡ ሳቀ። አባባ መናገር ስለማይፈቀድላቸው ግራ ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰበቅ አደረጉ። ሕዝቡ ይበልጥ ሳቀ። ድንበሩም ሳቀ። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ሁለተኛ ሲወጣ ስንት እንደሆኑ ጠየቀ፤ ድልድዩን ማን እንዳሻገራቸውም ጠየቀ። የሳቁት ጥቂት ነበሩ። ሦስተኛ ሲወጣ ጥያቄ አልነበረውም።

«ዳቦው ነው!» አለ። «ሊጡን የሚያቦኩት በግራ እጅ ነው። ሆዳችን ውስጥ ገብቶ ወደ ግራ እያዘነበለን ነው። በየቤታችሁ ቁሙና አስተውሉ።»

ሰው በየቤቱ ቆሞ አስተዋለ። በማግስቱ ብዙዎች ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ቀኝ ዘመም እያሉ መሄድ ጀመሩ። ግድግዳ እየገጩም ቢሆን ልዩነቱ ይሰማናል አሉ። ድንበሩ ግን እንደወትሮው በየማለዳው ዳቦ ቤት ተሰልፎ ሁለት ዳቦ ይገዛ ነበር። ጠርዙ ከረር ያለውን ይወዳል፤ አባባ ባይለየኝ ለይተው ያስቀምጡለታል።

ምክር ቤቱ ነገሩ አሳሰበው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ይመኙሻል መልካም ሴት ናቸው፤ ማንም እንዲከፋ አይፈልጉም። ስለዚህ ማንንም ቅር የሚያሰኝ ንግግር ሁሉ እንዲከለከል አስወሰኑ። በነጋታው አንድ ገበሬ ወጥቶ የጎረቤቱን ባቄላ አመሰገነ፤ ሌላ ባቄላ ያላቸው ሁሉ ቅር ተሰኙ። ቀጥሎ የወጣው «ደህና አደራችሁ?» ከማለቱ፣ ሌሊቱን ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው ከሰሰው። አንዲት ሴት ወጥታ ምንም ሳትናገር ቆመች፤ ምን ማለቷ ነው ተብሎ ተያዘች። ድንበሩ ግን ድንጋዩ አጠገብ መጥቶ አፉን ገጥሞ፣ በጣቱ ወደ ድልድዩ እያመለከተ ይውላል። እንደዚያን ሰሞን ሕዝብ ተሰብስቦለት አያውቅም። ዝም ሲል ሁሉም የየራሱን ይሰማ ነበር።

ክልከላው ተሻረ። ድንበሩ ቀርቦ፣ «ቅዳሜ የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ» ብሎ አስመዘገበ፤ እኔም እንደልማዴ አባባ ባይለየኝን መደብኩለት።

በዚያ ሳምንት የወንዙ ዳር ክብ ክብ ድንጋይ አለቀ። ልብስ አጣቢዎች የሚያሹበት አጥተው ለቢሮዬ አቤት አሉ። የድንበሩ ወዳጆች ኪሳቸው ተንጠልጥሎ መታየት ጀመረ፤ ሲቀመጡ እንደ ቅል ይንኳኳሉ።

ትርንጎ ምሳ እያቀረበች፣ «ቅዳሜ ዝናብ ነው በል» አለችኝ።

«በጋ ነው እኮ፣ ትርንጎ።»

«ሹሙ አንተ አይደለህ? ዝናብ ነው ካልክ ዝናብ ነው። አባቴን ሲወግሩት ያንተ ጥርት ያለ ሰማይ ምን ይረባኛል?»

«ሌላ ያዥ ልመድብ?»

«ማንን? የሌላ ሰው አባት?» አለችና፣ ለፍትሕ መቆሟ ራሷን አናደዳት። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው። «ብላ እንግዲህ! ሹም!»

አልበላሁም። «ቅዳሜ ከፍተኛ ዝናብ ስለሚጠበቅ ንግግር የማይኖር መሆኑን እናስታውቃለን» ብዬ ጻፍኩና አደባባይ ከመለጠፌ በፊት ለአባባ ላሳያቸው ዳቦ ቤት ሄድኩ። ምድጃው ፊት ነበሩ። በዱቄት ጣታቸው ወረቀቱን ይዘው አነበቡ፤ ከዚያ በበሩ ሰማዩን አዩ።

«የታል ደመናው?»

«በመንገድ ላይ ነው።»

«ተቀመጥ።»

የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንተ አንድ ቀን በውሸት ካዘነብክ» አሉ፣ «ካንተ በኋላ የሚመጣው ሹም ክረምት ከበጋ ያዘንባል። ያን ጊዜ እኔ በየት ወጥቼ ልናገር ነው?»

«እርስዎ ደሞ መቼ ተናግረው ያውቃሉ? ሲይዙ እንጂ!»

«ይመጣብኝ ይሆናል።»

«አባባ፣ ሰውየው እርስዎን ከአገር ስለማስወጣት ነው የሚናገረው!»

«ሰማሁ እኮ ልጄ። ከማንም ይልቅ ቀርቤ የሰማሁት እኔ ነኝ። ምራቁ ሁሉ ይረጨኛል።»

«ቢወግሩዎትስ?»

«ጎንበስ እላለሁ።»

ማስታወቂያዬን አጣጥፈው ምድጃው ውስጥ ከተቱት። ለማቀጣጠያ ጥሩ ወረቀት ነው አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትርንጎ ምን ትላለች?» አሉኝ።

«ሳህን ትሰብራለች።»

«ቅዳሜ እኔ ስወጣ እዚህ ትዋል። ንዴቷን ሊጡ ላይ ትወጣው።»

ቅዳሜ ሆነ። ሰማዩ ላይ የወፍ ላባ የምታክል ደመና የለም። አደባባዩ ሞላ፤ ቀኞች በአንድ ወገን፣ ግራዎች በሌላ ወገን፤ የኛን የመሳሰሉ የተደባለቁ ቤተሰቦች መሀል ላይ ወዲህም ወዲያም እያሉ። ድንበሩ ድንጋዩ ላይ ወጣ። አባባ ባይለየኝ ኮፍያቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ፤ ዣንጥላውን ዘረጉና አናቱ ላይ ቀጥ አድርገው ያዙለት።

ድንበሩ ማሩን አወረደው። ግራዎች ለሰላምታ እንኳ የማይመቹ ናቸው አለ። ዣንጥላው አልተነቃነቀም። ወንዙን ተሻግረው ይውጡልን አለ። አልተነቃነቀም። ዳቦው መርዝ ነው አለ። ጢሙ ላይ የጠዋቱ ዳቦ ፍርፋሪ ነበረ፤ አባባ ባይለየኝ ፍርፋሪውን አይተው ዓይናቸውን መለሱ፤ ዣንጥላው አሁንም እንዳለ ነው።

ይሄኔ ከግራዎች በኩል አንድ ድንጋይ መጣ። ማን እንደወረወረው ዛሬም አይታወቅም፤ አባባ አጠገቡ መቆማቸውን የዘነጋ ወይ የናቀ ሰው ነው። ወደ ድንበሩ ፊት ነበር የሚሄደው። አባባ ዣንጥላውን በቶሎ ዝቅ አድርገው ጋረዱት፤ ድንጋዩ ጨርቁ ላይ ተንሸራቶ ክርናቸው ላይ አረፈ። የአጥንቱን ድምፅ ከቆምኩበት ሰማሁት። ዣንጥላውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና በአገጫቸው «ቀጥል» አሉት።

ድንበሩ ክርናቸውን አየ።

«የት ላይ ነበርኩ?» አለ።

«መርዙ ላይ!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መሀል።

«አዎ፣ መርዙ ላይ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከእንግዲህ የሚናገረው ለሁላችንም አልነበረም፤ ከፊት ወደቆሙት፣ ኪሳቸው ወደ ከበደው ጎንበስ ብሎ ነበር። «ጎበዝ፣ ወሬ ይብቃ። ዳቦ ቤቱ ክፍት ነው። ሽማግሌው እዚህ ነው ያለው። በሉ፣ ከዚያ ጀምሩ።»

አባባ ባይለየኝ ዣንጥላውን አጠፉት።

ዝም ብለው አጠፉት። ዝናብ ያረፈበት ይመስል አንድ ጊዜ አራገፉት፣ ጨርቁን ጠቀለሉ፣ ማሰሪያውን ቆለፉ። ወርደው መጡና እጄ ላይ አኖሩት። ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም፤ ስለታጠፈ ዣንጥላ የሚናገር አንቀጽ የለንም።

ድንበሩ ፀሐይ ላይ ቀረ። ተናጋሪ ያለ ዣንጥላ አይተን ስለማናውቅ ሁላችንም ደነገጥን። ዓይኑን ያርገበግባል፤ ራሰ በራ መሆኑንም ያን ጊዜ ነው ያየነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን እኛ ጆሯችን የለመደው ከጥላ ሥር የሚወጣ ቃል ነው።

«አለቀ እንዴ?» አለ ከኋላዬ አንዱ።

«ዣንጥላው ታጥፏላ፤ አልቋል።»

«በል ምሳ እንብላ።»

ሁሉም ግን ምሳ ሊበላ አልሄደም። ኪሳቸው የከበደው ቀድመው ወጥተዋል። አባባ ባይለየኝ የተመታ ክርናቸውን በእጃቸው ደግፈው ሮጡ። እኔ ዣንጥላውን ታቅፌ ከኋላ ከኋላ። በዚያ ዕድሜ እንዲያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ልደርስባቸው አልቻልኩም።

ዳቦ ቤቱ ስንቃረብ ኪሰ ከባዶቹ ተሰልፈው አገኘናቸው።

እንዲህ ነው የሆነው። የቀትር ዳቦ ሰዓት ስለነበር በር ላይ ሰልፍ አለ። እኛ ከተማ ሰልፍ አይጣስም፤ በባለፊሽካው ዘመን እንኳ ራሱ ባለፊሽካው ይሰለፍ ነበር። ከፊት የደረሰው ጎረምሳ፣ «እኔ ዳቦ ልገዛ አይደለም፣ ለሌላ ጉዳይ ነው» ይላል። አንዲት አሮጊት ዘወር ብለው፣ «ለፈለግኸው ይሁን፣ አሳዳጊ የበደለህ! ተሰለፍ!» ይሉታል። ተሰለፈ። የቀሩትም ከኋላው ተሰለፉ።

መጨረሻ ላይ የቆመው ግን ተራው እስኪደርስ አልታገሠም። ወረወረ። የዳቦ ቤቱ መስኮት ተበተነ።

ትርንጎ በሩ ላይ ወጣች። እስከ ክርኗ ሊጥ ነው፤ ፀጉሯ ላይ ስብርባሪው ያብለጨልጫል። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው።

«ሊጡ ውስጥ መስታወት ገብቷል» አለች። «ዛሬ ዳቦ የለም። ለማንም።»

ቀኙም ግራውም ዞሮ መጨረሻ ላይ የቆመውን ሰው አየው። ማንም አልሰደበውም። ሰውየው ኪሱ ውስጥ የቀሩትን ድንጋዮች እያወጣ ግድግዳው ሥር አስቀመጠና ሄደ። ሌሎቹም እንደዚሁ አደረጉ። የልብስ አጣቢዎች ድንጋይ የተመለሰው በዚህ መልክ ነው።

አባባ ባይለየኝ ልጃቸውን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው በደህናው እጃቸው ከፀጉሯ ውስጥ መስታወቱን አንድ ባንድ ለቀሙላት። እሷ ክርናቸውን እያየች ታለቅሳለች፣ እሳቸው «አትነቅነቂ» ይሏታል። ሲጨርሱ ሳሟት፤ በግራ ትከሻ፣ ቀስ ብለው። እኔ ዣንጥላውን ዘርግቼ ሁለቱንም አስጠለልኳቸው። የሚቃወማቸው ሰው ፈልጌ መመደብ ነበረብኝ፤ ተውኩት።

ያን ቀን ከተማው በሙሉ ያለ ዳቦ አደረ። ዳቦ ቤቱ እንደገና ሲከፈት ድንበሩ መጥቶ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ አባባ ባይለየኝ፣ አንድ እጃቸው አንገታቸው ላይ ታስሮ፣ በሌላው ጠርዙ ከረር ያለውን ሁለት ዳቦ ሰጡት። አልተነጋገሩም።

ምክር ቤቱ ግን መነጋገር ነበረበት። ዣንጥላ መቼ እንደሚታጠፍ በሕግ ካልተጻፈ፣ ነገ ማንም ተነስቶ በማንም ላይ ያጥፈዋል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም ሐሳቡን ደግፌ ተናግሬያለሁ። አባባ ተጠሩ። አዳራሹ ጢም አለ።

«አባባ» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሲሰድብዎት ይዘውለታል። ይውጡ ሲል ይዘውለታል። ዳቦዎን መርዝ ሲል ይዘውለታል። ድንጋይ እንኳ ተቀብለውለታል። ታዲያ ምኑ ጋ ነው ያጠፉት?»

አባባ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ያሽከረክራሉ።

«ክንዳቸው ስለዛለ ነው» አለ አንዱ አማካሪ። «ከሆነ ጉዳዩ የጤና ነው።»

«ዳቦ ቤታቸው ስለተነሳ ነው» አለ ሌላው። «የግል ጥቅም ነው፤ ሊቀጡ ይገባል።»

«ልጃቸው እዚያ ስለነበረች ነው» አለች ሦስተኛዋ። «የማንም ልጅ ብትሆን ኖሮ ያጥፉት ነበር ወይ? ይህን ካላወቅን ሕግ አይሆንም።»

ትርንጎ ከጎኔ እጄን ጨበጠች። እሷም መልሱን እንደምትጠብቅ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከኋላ ወንበር ድንበሩ ተነሳ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል፤ ድምፁ እንደ ድሮው ማር ነው፤ የጠየቀውም ከልቡ ነበር መሰለኝ።

«ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለብኝ እኔ ነኝ» አለ። «አባባ፣ ይንገሩኝ። የቱ ቃል ላይ ነው ያጠፉብኝ? ልወቀውና ሌላ ቀን ስናገር እዚያ ሳልደርስ፣ አፋፉ ላይ ልቁም።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። አባባ ባይለየኝ ድንበሩን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ያለ ቁጣ፣ ጠዋት ጠዋት ከምድጃው ጀርባ ሆነው እንደሚያዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን ደፍተው ተነሱ።

«አልነግርህም» አሉት።